ካሶኒው የወረደበት ከሰዓት

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ከሚባለው ገበያ፣ ለልጅ ልጄ ጫማ ገዝቼ ስመለስ አንድ ጋራዥ በር ላይ እግሬ ቆመ። ሁለት ጎረምሶች የአሮጌ ፒካፕ ካሶኒ፣ ያንን የኋላውን የጭነት ሳጥን፣ በሰንሰለት አንጠልጥለው ከሻንሲው ላይ ያነሳሉ። አንዱ ሰንሰለቱን ይስባል፣ ሌላው ስልኩን ይነካካል። አንድ ብርጭቆ ሻሂ ጠጥቶ ለመጨረስ በማይበቃ ጊዜ ካሶኒው መሬት ላይ ተቀመጠ። ባለ ስልኩ «እማማ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለኝ። ምንም አልጠፋብኝም አቦ፣ ሥራህን ሥራ ብዬው መንገዴን ቀጠልኩ። ቤቴ እስክደርስ ግን የአባዬ ፒካፕ ከዓይኔ አልጠፋ አለች።

ዘመኑ የጃንሆይ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ይቀረኝ ነበር። አባዬ በዚያች ፒካፕ ነጋዴ ሴቶችን ከነዕቃቸው ወደ ዋሂልና ወደ መልካ ጀብዱ ያመላልሳል። ስኳር፣ ጨውና ጨርቅ ጭነው ይሄዳሉ፤ ቅቤ፣ ቆዳና፣ ወቅቱ ከሆነ፣ ያንን እጅ ላይ የሚፈርስ ጊሽጣ ይዘው ይመለሳሉ። አፈር የጠገበ የጊሽጣ ሽታ ዛሬም ሲሸተኝ የዋሂል መንገድ ነው ትዝ የሚለኝ። ታዲያ ጨው የማይበላው ነገር የለምና የካሶኒውን ወለል በልቶ በልቶ ወንፊት አደረገው። አንድ ቀን የደንበኞቻችን አውራ፣ ኢዶ ሐዋ፣ አክስት ሐዋ እንደማለት፣ የምንላት ሶማሌዋ ነጋዴ፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ በቀዳዳው ገባ። እሷ ሳቀች፤ ሌሎቹ ግን አልሳቁም። በዚያው ሰሞን አዲስ መኪና የገዛ አንድ ሰው ለሴቶቹ ሰላምታ ማብዛት ጀመረ። ሰላምታው የጤና እንዳልሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

ከዚህ የባሰው ግን የአባዬ ወገብ ነበር። ጆንያ ሲያነሳ አንድ ነገር ቋ አለበትና ከዚያ ወዲህ ጎንበስ ብሎ መነሳት አቃተው። ጠዋት ጠዋት እማዬና እኔ ከሸሚዙ ሥር በመቀነት ጥፍር አድርገን እናስረዋለን፤ እሱም ቀጥ ብሎ እየተራመደ ይወጣል፣ ያየው ሰው ኮራ ይላል ይለዋል። ጆንያ ለማያነሳ ሾፌር ማን ዕቃ ይሰጠዋል? ይህ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ ብሎ ሁለታችንንም አስምሎናል።

ካሶኒው በእንጨት እንዲቀየር ተወሰነ። አናጢው አዲሱን ሠርቶ በራችን ላይ አቆመው። የሚቀረው አሮጌውን ማውረድ ነበር፤ ያውም ከዋሂል ገበያ ቀን በፊት። አባዬ ለጓደኞቹ በበርጫ ሰዓት፣ ጫት ተሰብስበው ሲቅሙ፣ ጉዳዩን ነገራቸው። ያኔማ ምኑ ይጠየቃል! እኛ እያለን፣ በአንድ እጃችን፣ ምን ትላለህ አንተ፣ ተባለ። ምርቃና ላይ የተቀመጠ የድሬ ሰው የማያነሳው ተራራ የለም፤ ድልድይ ይሠራል፣ ጠበኛ ያስታርቃል፣ ልጅ ይድራል። ምርቃናው ሲወርድ ድልድዩም አብሮ ይወርዳል። አባዬ ይህን እያወቀ አመናቸው፤ ሌላ ምን አማራጭ ነበረው?

በማግስቱ፣ በገበያው ዋዜማ፣ ብሎኖቹን የፈታሁት እኔ ነኝ። ዝገቱ እንዲለቅ ላምባ እያንጠባጠብኩ፣ አባዬ ቆሞ እየነገረኝ አንድ በአንድ ለቀቅኳቸው፤ አልፈታ ያለውን አንዱን በመሮ ቆረጥኩት። እጄ ለሦስት ቀን ላምባ ላምባ ሸተተ። ወንዶቹ ከምሳ በኋላ መጡ፤ አምስት ናቸው፤ ሁሉም ጫታቸውን በብብታቸው ይዘዋል። ለጉልበት ጥቂት ቅመን እንነሳለን አሉና ከመኪናዋ አጠገብ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ምንጣፍ አነጠፉ። አባዬንም መሃላቸው አስቀመጡት። ከዚያማ ካሶኒው እንዴት እንደሚነሳ ምክር ተጀመረ። አንዱ አሸዋ ላይ በጣቱ ሥዕል ሣለ፣ ሌላው አጠፋው፤ በገመድ ይሁን ያለ አለ፣ ከሥሩ ጉድጓድ እንቆፍር ያለም አለ። ፀሐይዋ አናት የምትበሳበት ሰዓት አልፎ አሥር ሰዓት ሆነ። ካሶኒው እንደሆነ ንቅንቅ አላለም።

በዚህ መሃል ነጋዴዎቹ የነገውን ዕቃ ሊያስቀምጡ መጡ፤ ስምንት ይሆናሉ። ኢዶ ሐዋ ካሶኒውን አየች፣ ወንዶቹን አየች፣ አሸዋው ላይ ያለውን ሥዕል አየች፤ ሸክሟን አወረደች። ገጠር እያለች ከብቱ ወደ ሌላ ግጦሽ ሲሄድ ቤቱን ነቅለው ግመል ላይ የሚጭኑት ሴቶቹ እንደነበሩ ነገረችን። ከአናጢው አጣናዎች ሁለቱን አስመጥታ በካሶኒው ሥር አሻግራ አስገባች፤ ሴቶቹን ግማሹን በግራ፣ ግማሹን በቀኝ አቆመች። ከፊት በኩል አንድ ሰው ጎደለ። ያኔ ዞር አለችና፣

«አባትሽስ? መኪናዋ የሱ አይደለች እንዴ? ይነሳና ይያዝ» አለችኝ።

አባዬ እጁን መሬት ላይ ተመረኮዘ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ እንደማይነሳ አወቅኩ፣ እሱም አውቋል። ሴቶቹ በሙሉ ዓይናቸውን ጥለውበታል። የነገው ዕቃ፣ የከነገ ወዲያው እንጀራ፣ ሁሉም እዚያ ምንጣፍ ላይ ነበር።

«ተዪው ኢዶ፣ ምርቃናው ይዞታል። ለጫት እንጂ ለሥራ አይነሳም» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አባዬ ቀና ብሎ አየኝ፤ ያንን አስተያየት ልገልጸው አልችልም። ከዚያ የተመረኮዘውን እጁን ቀስ ብሎ አነሳና አንድ ቅጠል ቀንጥሶ አፉ ውስጥ ጨመረ። ከሁለት ቀንበጥ በላይ ቅሞ የማያውቅ ሰው!

ከፊት በኩል ትከሻዬን እኔ አስገባሁ። ኢዶ ሐዋ በሶማሊኛ አንድ ነገር እያዜመች፣ እኛም እየተቀበልናት ካሶኒውን ከሻንሲው አንድ ስንዝር ከፍ አደረግነው። መንገዱ ቁልቁል ነውና አንዱ ሰውዬ ከጎማው ፊት ያለውን ድንጋይ ሲስብ መኪናዋ ከሥራችን ተንሸራታ ወጣች፤ አጥሩ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ካሶኒውን አሸዋው ላይ አሳረፍነው። ትከሻዬ ተልጦ ደም ወጥቶታል፤ ግን አልተሰማኝም። አዲሱንም በዚያው መንገድ ጫንነው፤ በማግስቱ ዋሂል ተሄደ።

ደንበኞቻችን ሌላ መኪና አልፈለጉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬን «አባ ምርቃና» እያሉ ጭነቱን ራሳቸው ይጭኑ፣ ራሳቸው ያወርዱ ነበር፤ አንተ ደግሞ ትነሳለህ እንዴ እያሉ። እሱም ይስቃል። እነዚያ አምስቱ ካሶኒውን ያወረድነው እኛ ነን ሲሉ ኖሩ፤ ድንጋይ መሳብም ማውረድ ከሆነ፣ ይሁንላቸው። አባዬ ስለዚያ ቀን ያነሳው አንዴ ብቻ ነው፤ ባሌ ቤት ልሄድ ስል በር ድረስ ሸኝቶኝ «ጥሩ አድርገሽ ነው የሰደብሽኝ» አለኝ።

አሁን አባዬም፣ ኢዶ ሐዋም፣ እነዚያ ወንዶችም የሉም፤ አላህ ይርሐማቸው። ያ የአባዬ ቅጽል ስም ግን አልሞተም። በቀደም ለቅሶ ቤት አንዲት ወጣት፣ የነዚያ ነጋዴዎች የልጅ ልጅ፣ ጫት የሚያበዛ ወንድሟን ስትወርፍ «አንተ ደግሞ እንደ አባ ምርቃና ልትሆን ነው?» አለችው። ሰው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን በራሴ ተናደድኩ። የሚሸሽ ደንበኛ የለ፣ የሚጓደል እንጀራ የለ፣ ታዲያ እስከ መቼ ነው የምስቀው? አባዬ ያን ቀን የተቀመጠው ጫት ይዞት አልነበረም፤ ወገቡ አላስነሳ ብሎት ነው። ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ልጁ።