ከበርሜል የወጣ መሬት

ታደገ በሀገር ቤት የታሪክ መምህር ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳውን ከመሐል በመስመር ከፍሎ፣ በቀኝ «ዕድገት»፣ በግራ «ግጭት» እያለ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። በተለይ የአሜሪካው ምዕራፍ ይጥመው ነበር። ቦዩ ሲቆፈር፣ ሐዲዱ ሲዘረጋ፣ የጥጥ መዳመጫው መኪና ሲመጣ በቀኝ ይሰፍራል፤ ሰሜንና ደቡብ በቀረጥ ሲናቆሩ፣ በባርነት ጉዳይ ሲፋጠጡ በግራ። አሁን አትላንታ ውስጥ የኩላሊት እጥበት ሕሙማንን በቫን ያመላልሳል። ጠመኔ ከጨበጠ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል።

ያን ዕለት ረፋድ ላይ ሮዝዌል ካለ አንድ የጠበቃ ቢሮ ለቤት ግዢ ፊርማ ተቀምጧል። ሚስቱ ሣራ ከጎኑ ናት። ስኮትዴል ካለችው ጠባብ አፓርታማ ወጥታ የራሷን በር በራሷ ቁልፍ የምትከፍትበትን ቀን ስትጠብቅ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ሥራ ወገቧ ጎብጧል። ከማዶ የቤተ ክርስቲያናቸው ልጅ፣ ብሮከሩ አክሊሉ ወረቀት ይገልጣል።

«ጋሽ ታደገ፣ እዚህ ጋ ሳይን ያድርጉ። እዚህም። እዚህ ደግሞ ኢኒሻል፣ የስምዎን መጀመሪያ ፊደል።»

ታደገ ግን ያነባል።

«አንብበው እስኪጨርሱ ቤቱ ያረጃል እኮ!» አለ አክሊሉ።

ሣራ ሳቀች። ሳቋ ፈራ ተባ ያለ ነበር።

ታደገ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳርፎ ቀረ። ላንድ ሎት አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ አንደኛ ዲስትሪክት፣ ሁለተኛ ሴክሽን።

«ይሄ ቁጥር ምንድነው?»

«እሱን ኢግኖር ያድርጉት። ድሮ መሬቱ ሲሸነሸን ለየቁራሹ የተሰጠው ነው። እዚህ አገር ዲድ፣ የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ሁሌም አለ።»

ታደገ ሳይጠይቅም ያውቀው ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1832 አትላንታ ያለችበት የጆርጂያ ግዛት መንግሥት የነባሮቹን የቼሮኪ ሕዝቦች መሬት ለነጮች በዕጣ አደለ። ወርቅ ተገኝቷል፤ ጥጡም መሬት ይሻል። ከአንዱ በርሜል የሰው ስም፣ ከሌላው የመሬት ቁጥር ይወጣል። ዕጣው ሲወጣ ባለቤቶቹ ገና እዚያው በቆሏቸውን ይኮተኩቱ ነበር። ያገሪቱ ትልቁ ፍርድ ቤት ለእነሱ ቢፈርድም ሰሚ አልተገኘም፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ወታደር መጥቶ ነዳቸው። ታደገ ይህን በየትኛው በኩል እንደሚጽፍ ሁልጊዜ ይቸግረው ነበር። ደወሉ ሲቃረብ ልክ መስመሩ ላይ ይጽፈውና ሰሌዳውን ያጠፋል።

«ሣራ፣ ያ ሽማግሌ ትዝ ይልሻል?»

«የቱ ሽማግሌ?»

«የኮንዶሚኒየሙ።»

አዲስ አበባ ዳር የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣላቸው ጊዜ፣ ከቦታው የተነሣ አንድ ገበሬ እሑድ እሑድ እየመጣ ከሕንጻው ሥር ይቆም ነበር። አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ በራቸውን አንኳኳ። «ልጄ፣ ደረጃው ያለበት ጋ የውሃ ጉድጓዴ ነበር። ውሃ ብታጠጣኝ» አለ።

«ውሃ ጠፍቷል አልኩት» አለ ታደገ። «ጀሪካኖቹ ግን ሙሉ ነበሩ።»

«ውሃ በሳምንት አንዴ ነበር የሚመጣው። ልጅህ ሐምራዊት ደግሞ ገና ጨቅላ ነበረች።» ሣራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እና አሁን ምን ይሁን? አንፈርም?»

አክሊሉ ስልኩን አገላብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ጋሽዬ፣ ዛሬ ካልፈረሙ ሻጮቹ ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ሲሪየስሊ።»

ታደገ ንዴት ወይም ሐዘን ይመጣብኛል ብሎ ጠበቀ። ያን የሚያህል ነገር ሲያውቅ አንድ ነገር ሊሰማው ይገባ ነበር። ምንም የለም። ውስጡን በሐሳቡ ቢነካካው፣ የጥርስ ሐኪም እንዳደነዘዘው ድድ ነው፤ መኖሩን ያውቃል እንጂ አያመውም። የሣራ እጅ ጠረጴዛው ላይ፣ ከወረቀቱ አጠገብ ተዘርግቷል። በሳሙናና በጓንት ብዛት የተላጠ እጅ ነው። እሱን አየ፤ ቁጥሩንም አየ።

ፈረመ። ከዚያ በኋላ የመጡለትን ወረቀቶች አንዱንም አላነበበም።

ከሰዓት ቤቱ ገቡ። ሣራ ከሁሉ አስቀድማ ወደ ኩሽና ሮጣ ቧንቧውን ከፈተች።

«አለ!» ብላ ጮኸች። ወዲያው ግን በራሷ አፈረችና፣ «አይ የእኔ ነገር፣ እዚህ ደግሞ መቼ ጠፍቶ ያውቃል» አለች።

ታደገ ከካርቶን ውስጥ አንድ ብርጭቆ አወጣ። ውሃ እስከ አፉ ሞልቶ ወጣና ከደጁ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ብርጭቆውን አጠገቡ አኖረው። መንገዱ ጭር ያለ ነው፤ ማዶ የሣር ማጨጃ ይጮኻል። ብዙ ቆየ።

ሣራ በበሩ ብቅ አለች። «ለማን ነው ውሃው?»

ታደገ መንገዱን ወደ ታች፣ ከዚያም ወደ ላይ ተመለከተ። ውሃ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው አልነበረም።

«ለእኔ» አለ፤ አንሥቶም ጠጣው።