መዝገብ የማያውቀው ሕፃን

መቱ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የጤና ኮሌጅ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በፕላስቲክ እንደተጠቀለለች ሰባት ዓመት የኖረች ወላድ አለች። የውጭ አገር ሰዎች የሰጧት የልምምድ አሻንጉሊት ናት። ታምጣለች፣ ትወልዳለች፣ ልጇም ያለቅሳል ይባላል። ይባላል እንጂ የሰማ የለም። የመጣች ዕለት ሪባን ተቆረጠላት፣ ድንኳን ተጣለላት፣ አራት ገጽ ንግግር ተነበበላት፤ በማግስቱ ተቆለፈባት። ቁልፉ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የአቶ ሰይፈ ሚካኤል ቀበቶ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ብትበላሽ ማን ይፈርማል?» ይላሉ፣ ለጠየቃቸው ሁሉ።

ሰው ቢበላሽ የሚፈርም ስለማያስፈልግ ተማሪው በቀጥታ በሰው ላይ ይለማመዳል።

ይህ ነገር ሲስተር ሐምዲያን ያንገበግባታል። የቡሬ ነጋዴ ልጅ ናት፤ አሥራ አራት ዓመት አዋልዳ፣ አሁን አዋላጆችን ታስተምራለች። ለአስተዳደሩ ያልገባው ነገር ለእሷ ገብቷታል፦ እጅ መሳሳቱ አይቀርም፤ ጥያቄው የት ይሳሳት ነው። ዘንድሮ ደግሞ ጭንቀቷ ስም አለው፤ ሴና ይባላል። ሴና በጽሑፍ ፈተና አንደኛ ናት፤ ያልተነፈሰ ሕፃን እንዴት እንደሚረዳ ጠይቋት፣ እንደ ዳዊት ትደግመዋለች። ሰው እያያት ግን እጇ ይደርቃል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለተግባር ልምምድ ኖፓ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ኖፓ ላይ ደግሞ አለቃዋ ስብሰባ በሄደች ቁጥር (ስብሰባ የሌለበት ሳምንት ካለ ይነገረኝ) ብቻዋን ነው የምትቀረው። ያልተነፈሰ ሕፃን ስብሰባ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው አንዲት ደቂቃ ነው።

ሐምዲያ ቁልፉን ለመነች። «በደብዳቤ ይቅረብ» ተባለች። በደብዳቤ አቀረበች። «ኮሚቴ ይቋቋምበት» ተባለች። ኮሚቴውም ተቋቋመ፣ ሰብሳቢውም አቶ ሰይፈ ሚካኤል ሆኑ፣ በምልዓተ ጉባኤ ጉድለትም ተበተነ። ቅዳሜ ቡሬ ወረደች፤ ልብስ ሰፊ ወንድሟ አባስ ዘንድ።

«ያ ረቢ! በዚህ ዕድሜሽ አሻንጉሊት ልትጫወቺ?»

«ስፋልኝ ብቻ። ጭንቅላቱን ከሱቅ ገዝቼዋለሁ። ደረቱ ውስጥ የሐኪም ጓንት አለ፤ ከአፉ እስከ ጓንቱ ይቺ የላስቲክ ቱቦ ትገባለች። አንገቱን አደራ! ቀና ሲል አየር ያሳልፍ፤ ወደ ፊት ሲደፋም ወደ ኋላ ሲበዛም ይዘጋ።»

«ሙሽራ እንኳ ስለ ኮሌታ እንዲህ አልጨቀጨቀኝም» አለ አባስ፣ መርፌውን ጥርሱ መሀል እንደያዘ። ሆዱን በቡና ገለፈትና በአሸዋ ሞላው፤ ሦስት ኪሎ ሆነ፤ እንደ ሰው ልጅ።

ሰኞ ስድስት ተማሪዎች አሻንጉሊቱን ከበው ቆሙ። ሴና ጭምብሉን አሻንጉሊቱ አፍ ላይ ደፍታ፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን ፊኛ ጨመቀች። ደረቱ አልተነሳም። ይበልጥ ጨመቀች። አልተነሳም። ደቂቃዋ አለቀች።

«በቃ፣ ቁጭ በሉ» አለች ሐምዲያ። ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ነው፤ የሠራው ሰው ያየውንና ያሰበውን ይናገራል፣ ምክንያቱ ይፈለጋል፣ ከዚያ ይደገማል። «እስቲ ምን እንዳየን እንነጋገርበት።»

እንነጋገርበት ስትላቸው ማንም ሳያዛቸው ወንበራቸውን ደርድረው ደብተር አወጡ። አገሩ ሰውን ሰብስቦ ማነጋገር የሚያውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እነዚህ ልጆች ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምረው አንድ ለአምስት ተጠርንፈው ግምገማ ጠግበዋል። ምንዳዬ የሚባለው፣ ሲናገር እንደ ካድሬ ጉሮሮውን የሚጠርገው ልጅ፣ እስክሪብቶ አነሳ።

«ተማሪ ሴና ላይ የምሰነዝረው ሂስ አለኝ። የቁርጠኝነት ማነስ ታይቶባታል። የሕፃኑ ሞትም የዚሁ አመለካከት ውጤት ነው።»

ሴና ተነሳች፤ እጇን ወደ ኋላ አጣመረች። «ሂሱን ተቀብያለሁ። ራሴን አርማለሁ።» ተቀመጠች።

ጭብጨባ ብቻ ነው የቀረው።

«አመለካከት ሳንባ አይነፋም!» ጮኸች ሐምዲያ። «አንገቱን ማን አየ? አንድ ሰው! አንገቱን!»

ሁሉም አቀረቀሩ። ሐምዲያም የገዛ ጩኸቷን ሰምታ አፈረች፤ እሷም ያው ገምጋሚ ሆና አረፈችው።

ይባስ ብሎ አቶ ሰይፈ ሚካኤል በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። ፊታቸው በርቷል። «ግሩም ግምገማ ነው፣ ሲስተር! ቃለ ጉባኤው ይድረሰኝ። ሕፃኑን የገደለችው ተማሪ በማኅደሯ ይያዝላት፤ የኖፓ ምደባዋም እንደገና ይታይ።»

«አቶ ሰይፈ፣ ሕፃኑ እኮ ገለፈት ነው።»

«ሞት ሞት ነው።»

ሴና ማክሰኞ ቀረች። ረቡዕም ቀረች። ሐምዲያ ከራሷ ጋር ተሟገተች። በገለፈት ስትሳሳት ካስቀጣናት፣ በሰው ስትሳሳት ትደብቀናለች፤ ይህን ለማወቅ ኮሚቴ ያስፈልጋል? ሐሙስ ልጅቷ ቤት ሄዳ እጇን ይዛ አመጣቻት። በሩን ዘጋች። እስክሪብቶና ደብተር ሁሉ ሰብስባ ሳፋ ውስጥ ከተተች።

«ዛሬ የምሳሳተው እኔ ነኝ» አለች። አሻንጉሊቱን አስተኛች። «ቡሬ ሳለሁ፣ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛ ዓመቴ፣ አንድ ልጅ እንዲህ አድርጌ ያዝኩ።» ጭምብሉን ደፋች፣ ጨመቀች። ደረቱ ዝም አለ። «ጨመቅኩ፣ ጨመቅኩ። ሪፖርቱ ላይ የፈጣሪ ፈቃድ ብዬ ጻፍኩ። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ምን እንዳጠፋሁ ያወቅኩት ከዓመት በኋላ ነው። እስቲ እናንተ ንገሩኝ።»

ከኋላ የሴና ድምፅ መጣ፤ «ሲስተር... አንገቱ። ወደ ኋላ በዝቷል።»

«ነይ አሳዪኝ።»

መጣች። እጇ አልደረቀም። ራሱን ትንሽ መለሰች፣ ጭምብሉን አጥብቃ ያዘች፣ ጨመቀች። አባስ የሰፋው ደረት ከፍ አለ። ዝቅ አለ። ከፍ አለ።

«አንዴ አይበቃም፤ ድገሚ» አለች ሐምዲያ። አሥር ጊዜ ደገመች። ምንዳዬ ተራው ሲደርስ አራቴ ከሸፈበት፤ በአምስተኛው «ሂሴን...» ብሎ ሲጀምር ሴና አቋረጠችው። «ሂሱን ተወውና ጭምብሉን አጥብቀህ ያዝ፤ በጉንጩ በኩል እያፈሰሰ ነው!» ስድስቱም ሳቁ፤ ምንዳዬም ሳቀ፤ ደረቱም ተነሳ።

የሰኞው ግምገማ ቃለ ጉባኤ አልተጻፈም። ቃለ ጉባኤ ከሌለ ደግሞ ማኅደር ላይ የሚለጠፍ የለም፤ የኖፓ ምደባም ሳይነካ ቀረ። አቶ ሰይፈ ሚካኤል ግን ዝም አላሉም። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ባልተመዘገበ መሣሪያ መለማመድ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ሐምዲያ ላስመዝግበው ብትል፣ ቅጹ የለጋሽ ስምና የሞዴል ቁጥር ይጠይቃል። «አባስ ልብስ ሰፊ» ብላ ብትሞላ ቅጹን መለሱባት።

ሴና ወደ ኖፓ የምትሄድ ዕለት ሐምዲያ አሻንጉሊቱን በከረጢት ከተተችላት። «በየቀኑ፣ ከቁርስ በፊት» አለቻት። በሩ ላይ ዘበኛው ጋሼ ፉፋ ከረጢቱን ከፈቱ።

«ኩን ማሊ? ምንድነው ይሄ?»

«አሻንጉሊት ነው ጋሼ» አለች ሴና።

«የንብረት መውጫ አለው?»

«ጋሼ ፉፋ» አለች ሐምዲያ፣ «መዝገቡ እርስዎ ጋ አይደል? ካገኙት ያስቀሩት።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ ወረዱ። በፕላስቲክ የተጠቀለለችው ወላድ ከነቁጥሯ አለች። የጨርቅ ልጅ ግን የለም።

«የለም» አሉ፣ ግራ ገብቷቸው።

«እንግዲህ የሌለ ነገር ምን ብሎ ይወጣል? ልጅቷን ያሳልፏት፣ መኪናው እየሞላ ነው።»

አሳለፏት። ሐምዲያ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ስትመለስ በተቆለፈው በር መስታወት አጮለቀች፤ ወላዷ እንደ ሰባቱ ዓመት ሁሉ ተኝታለች። ሰኞ አርባ አዲስ ተማሪ ይገባል፤ የሚለማመዱበት ግን አንድም የለም። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«አባስ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ።»

«ደግሞ ኮሌታ?»

«ደግሞ። አንገቱን አደራ።»