ያፈረስኩት ወለል

አምና፣ የደብራችን ዓመታዊ ንግሥ በደረሰበት ሳምንት ነው የሆነው። ብዙ ሰው ረስቶታል። እኔ ግን በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ እልሄም አብሮ ይነሳል።

ሥራዬ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። የምኖረው ዊንጌት አካባቢ ነው። ከሰፈራችን ሽቅብ ባለው ቤተ ክርስቲያን አዲስ መጸዳጃ ቤት ሲሠራ ወለሉን እንዳነጥፍ ተጠራሁ። አዲስ ያስፈለገው፣ በአሮጌው ውስጥ ውሃ እየተኛ፣ ደጁ ላይ ጧፍ የሚሸጡት እማማ ብርቄ አንሸራትቷቸው ወድቀው ዳሌያቸው ስለተሰበረ ነው። ዛሬም የሚሄዱት በምርኩዝ ነው።

አንጥፌ ከጨረስኩ በኋላ እንደ ልማዴ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋሁበት። ውሃው ወደ መውረጃው መሄዱን ትቶ ጥግ ላይ ተኛ። ሳነጥፈው በውሃ ልክ ለክቼው ነበር፤ ለካ ከሥሩ ያለው አፈር በደንብ ስላልተጠቀጠቀ ጥጉ ሰጥሟል።

የሕንፃ ኮሚቴውን ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰን ጠርቼ አሳየኋቸው። ንግሡ ደርሷል፣ እንዲህም አምሯል፣ ተይው አሉኝ። አፍርሼ እንደገና እንደምሠራው ስነግራቸው ሳቁ።

"ሽንት ቤት እኮ ነው። መቅደስ አስመሰልሽው" አሉኝ።

መዶሻና ስካርፔሎዬን፣ የብረት መሮዬን፣ አንስቼ ጥጉን ማፍረስ ጀመርኩ።

ተቆጡ። ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ አሉኝ፤ ሳልጨርስ አልወጣም አልኩ። ሄደው የንስሐ አባቴን ይዘው መጡ። ይሄን ጊዜ ደነገጥኩ። አባ ፍርስራሹን አይተው፣ አገልግሎት በትሕትና እንደሚያምር፣ የታላቅ ቃል መስማትም ጽድቅ እንደሆነ በለሆሳስ ነገሩኝ። መዶሻውን ግን አላስቀመጥኩም።

"አባቴ፣ መቅደስ ቢሆን ኖሮ እርስዎ ራስዎ አፍርሺው ይሉኝ ነበር" አልኳቸው። "እኔ ዜማ አላውቅም፣ ቅኔም አልቆጠርኩም። ለእግዚአብሔር የምሰጠው ይህንኑ ነው። ጠማማ አልሰጠውም።"

አባ አልባረኩኝም፣ አልከለከሉኝምም፤ ሄዱ። ጋሽ ታደሰ ለንግሡ ካልደረሰ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ ብለው ተከትለዋቸው ወጡ።

ጥጉን ቆፍሬ፣ ጠቅጥቄ፣ እንደገና ሞልቼ አነጠፍኩት። እማማ ብርቄ ወሬውን ሰምተው ጧፋቸውን ለሌላ ሰው አደራ ብለው መጡ። በሩ ላይ በርጩማ አስመጥተው ተቀመጡና ወለሉ እስኪደርቅ ሲጠብቁልኝ ዋሉ። ሊገባ የመጣውን ሁሉ በምርኩዛቸው መለሱት፤ ጋሽ ታደሰንም ጭምር።

በንግሡ ቀን ታቦቱ ወጥቶ ሕዝቡ እልል ሲል፣ እኔ ሹልክ ብዬ መጸዳጃው ደጅ ሄጄ ቆምኩ። ከማለዳ ጀምሮ ሰው ሲገባና ሲወጣ ነበር። ወለሉ ላይ የተኛ ውሃ አልነበረም። እማማ ብርቄ ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ፤ ግድግዳ ሳይደገፉ ቀስ ብለው ወጡ። እዚያው ቆሜ አማተብኩ።

ከዚያ ወዲህ ደብሩ ለሥራ ጠርቶኝ አያውቅም። የሰንበቴ ቤቱን ወለል ሌላ ሰው አነጠፈው። ትዕቢተኛ ናት እንደሚሉኝም ሰምቻለሁ። ይበሉ። ቅዳሴ አልቀረሁም፤ ጋሽ ታደሰንም ሳገኛቸው ዝቅ ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ። ነገ ቢጠሩኝና ውሃው ጥግ ላይ ቢተኛ ግን፣ ንግሡ በማግስቱ ቢሆን እንኳ አፈርሰዋለሁ።