ለሐኪም የዋሸው ጀርባ

ወገቡን ኦፕራሲዮን ይሁን ወይስ እንዳመመው ይኑር? ልብስ ሰፊው ሊፈታ የተነሣው ጥያቄ ይህ ነበር። ጥያቄው ለማንም ከባድ ነው፤ ለእሱ ግን ይበልጥ የከበደው የሚያማክረው ሰው በማጣቱ ነው። ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ እሱ የማይንቀው ሰው ጠፍቶ እንጂ። ሰፈርተኛው «መቀስ» ብሎ የሰየመው በሙያው ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ሕመሙ ከወገቡ ይነሣና በቀኝ መቀመጫው በኩል አድርጎ እስከ እግሩ ጣቶች ይወርዳል። አወራረዱ ራሱ ይገርማል። የጀርባችን አጥንቶች አንዱ ባንዱ ላይ የተደረደሩ ናቸው፤ በየመሀላቸው እንደ ትራስ ያለ ልል ነገር አለ። ትራሱ ከቦታው ሲያፈተልክ በአጠገቡ የሚያልፈውን ነርቭ ይጫነዋል። ነርቩ የሚሄደው ደግሞ ወደ እግር ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ወገብ ላይ ሆኖ እሪ የሚለው እግር ይሆናል! መቀስ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። አንብቦታል፤ ለሰውም ያስረዳል። እንዲያውም ከእሱ በስተቀር የሚያውቀው ሰው ያለ አይመስለውም።

ጎረቤቱ ጫማ ሻጭ «ጋሼ፣ ወገብ ከተነካ አለቀለት፤ እንዳትሞክራት» አለው።

«አንተ ግራና ቀኝ ጫማ አምታተህ የምትሸጥ ሰውዬ፣ ስለ ነርቭ ልታስተምረኝ ነው?»

የሚስቱ ወንድም በበኩሉ ወገቡን ተቀዶ የዳነ ሹፌር ነው። ሱቁ ድረስ መጥቶ መሀል ወለሉ ላይ እየተሽከረከረ አሳየው።

«እየኝ እስቲ! እንደ አዲስ ነው የሆንኩት!»

«ዱሮስ መቼ አረጀህ? ሠርተህበት አታውቅ።»

ሹፌሩ ስቆ ወጣ። ጥግ ላይ የልብስ ቁልፍ የምትተክለው የመቀስ ሚስት ግን አልሳቀችም። «ታዲያ ማንን ነው የምትሰማው?» አለችው።

«ራሴን።»

«እሱንማ ሁሌም ሰምተኸው ነው እዚህ የደረስነው።»

እየጎተተችም ቢሆን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ቀዶ ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የጋውኑ ትከሻ ወደ ክንዱ ተንሸራቷል። መቀስ ይህን ከበር ሳያልፍ አየና ሰውየው ላይ እዚያው ፈርዶ ጨረሰ። የገዛ ትከሻውን የማያውቅ የእኔን ወገብ ሊያውቅ! ደረቱን ነፍቶ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ገባ። ሚስቱም ተከትላው ገባች።

«ሲራመዱ ያስቸግርዎታል?»

«እንደ ልቤ ነው የምራመደው።»

«እግርዎ ይደነዝዛል? ጉልበት ያንሰዋል?»

«ብዙ ሲቀመጡበት የማይደነዝዝ የማን እግር ነው?»

«እስቲ በተረከዝዎ ይራመዱልኝ።»

መቀስ እንደ ዋዛ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝ አድርጎ፣ ቶሎ ቶሎ ተራመደና ተቀመጠ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ መቀስ ቀደም ሲል የተነሣውን የወገብ ፎቶ እያየ ስለነበር እጁን ልብ አላለውም። ከዚያም በዝግታ አስረዳው። ትራሱ ማፈትለኩ በፎቶው ላይ ይታያል፤ ግን ምንም በማያማቸው ሰዎችም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይታያል። የወገቡን ሕመም ቀዶ ሕክምና ላያጠፋው ይችላል። እግሩ እየሰነፈ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ነርቩ ሳይሞት መላቀቅ አለበት። «የእርስዎ እግር ደህና ነው። በእንቅስቃሴ እንሞክረው፤ ከደከመ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ» አለው።

«አየሽ? ምንም የለብኝም» አለ መቀስ ደረጃውን እየወረደ። ሚስቱ መደገፊያውን የጨበጠበትን እጁን አየች።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ቦርጫም ደንበኛ ሱሪ ሊለካ መጣ። እዚህ ላይ የመቀስን አለካክ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ጥበብ ነውና። ሰው ሜትር ሲያይ ይዋሻል። ሆዱን ይስባል፣ ትከሻውን ይነፋል። በዚያ ልክ የተሰፋ ልብስ ባለቤቱ ሲተነፍስ ይተረተራል። ስለዚህ መቀስ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል ያደርግና ወሬ ይጀምራል። ስለ ኑሮ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ መንገዱ መበላሸት። ሰውየው ወሬው ሲይዘው ሆዱ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይሄኔ ሜትሩ ሹልክ ብሎ ይዞረዋል!

ደንበኛው ሲወጣ መቀስ እንደ ልማዱ አማው። «ቀጣፊ! ሌባ እንኳ ለፖሊስ እንዲህ አይዋሽም። ሲጠብበት ግን መጥቶ የሚሰድበው እኔን ነው።»

ሚስቱ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «እሱስ ሱሪ ነው የሚጠብበት። ሐኪም ፊት ሆድህን ስበህ የቆምከውን ሰውዬ ምን እንበለው?»

«ሂጂ ወዲያ! ያ ጋውኑን መልበስ ያቃተው ልጅ ...»

«ጠረጴዛ ይዘህ ነው በተረከዝህ የሄድከው። አይቼሃለሁ።»

ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ መጠቅለል ጀመረ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«እግርህ የስፌት መኪናውን ፔዳል ከሳተ ቆይቷል። ስፌቱ አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይቆማል። አንተ ለምሳ ስትወጣ እየተረተርኩ የምሰፋው እኔ ነኝ። ደንበኛ ያልቀረብህ እጅህ ደህና ስለሆነ መስሎሃል?»

መቀስ ከመደርደሪያው ላይ አንድ የተጠናቀቀ ኮት አወረደ። ገለበጠው። ስፌቱ የሱ አልነበረም፤ ንጹሕ ነበር። ሌላም አወረደ።

«ደደብ!» አለ በመጨረሻ።

«ማን? እኔ?»

«መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ።» ኮቱን መልሶ እየሰቀለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የዋሸሁት ሐኪሙ ልቅደድህ ይለኛል ብዬ ነው» አለ። «ነርቩን ቢነኩትና እግሩ ጭራሽ ቢቀርስ? በምን ልሰፋ ነው?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስትል የኖርከው አንተ ነህ።»

«ለሌላ ሰው ነዋ!»

በሳምንቱ እዚያው ሐኪም ፊት ቆመ። ደረቱን አልነፋም። ያለ ጠረጴዛ በተረከዙ ሊራመድ ሲል የቀኝ እግሩ ጣቶች አልነሣ ብለው ወለሉን መቱት። ሐኪሙ ደጋግሞ ሞከረው፤ ፊቱ ተለወጠ። «ይህን ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ!» አለ። ነርቩ ቢላቀቅ ጉልበቱ ሊመለስ ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ላይመለስም ይችላል። ካልተነካ ግን ይብስበታል። ምርጫው የመቀስ ነው።

መቀስ ስለ ጋውኑ አንድ ቃል ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጠውና «ይቀደድ» አለ።

አሁን ቀጠሮውን እየጠበቀ ነው። ግን እጁን አጣጥፎ አይደለም። ቀኝ እግሩ ጨርሶ ቢከዳውስ ብሎ ፔዳሉን ወደ ግራ አዛውሮ ግራ እግሩን ስፌት እያስተማረ ነው። ብጣሽ ጨርቅ ከመርፌው ሥር ያደርጋል፤ ሕመሙ ሲቀሰቀስበት ተነሥቶ ይቆማል፤ ተመልሶ ይቀመጣል። ግራ እግሩ ወይ ይረግጠዋል ወይ ይተወዋል፤ መሀል የሚባል ነገር አያውቅም።

«ዕድሜ ልክህን ተጎልተህ የበላህ ሥራ ፈት!» ይለዋል ጎንበስ ብሎ። «ቀስ! ቀስ አልኩህ እኮ፣ ደንቆሮ!»

«ስድቡን ይሰማል?» ትላለች ሚስቱ ከጥግ።

«ይልመድ» ይላል መቀስ፤ ሌላ ብጣሽ ይስብና እንደገና ይረግጣል።