ወደ ግራ የተጠመዘዙት ቀንድ አውጣዎች

ሞጣ የምታስተምረው ልጄ፣ ከክረምት ትምህርቷ ስትመለስ ጳጉሜን ከእኔ ጋር ልታሳልፍ ቢቸና መጣች። አንዲት ብልቃጥ በጥጥ ጠቅልላ ይዛለች። ውስጧ ሰሊጥ የሚያካክሉ የባሕር ቀንድ አውጣዎች አሉ፤ ሥጋቸው አልቆ ቅርፊታቸው ብቻ የቀረ። አስተማሪዋ ደባልቀው ሰጥተዋት፣ ከመካከላቸው የአንድ ወገን የሆኑትን ለይታ ጽፋ ማምጣት አለባት። ሥራዋ ካማረ ጅቡቲ ወርዳ ከባሕሩ ዳር እንድትለቅም ይልኳታል።

አባቷ በደርግ ጊዜ፣ እሷ ጡት ሳትጥል፣ ምጽዋ ወርዶ እንደወጣ ቀረ። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። በእንቅልፌ ግን እሄድበታለሁ፤ ሁልጊዜ ነጭ ነው፣ ገና ያልተፈተለ ጥጥ ይመስላል፣ ሰው ሲገባበት ድምፅ የለውም።

ሦስት ቀን ሙሉ ነጠላዬን አንጥፋ በማጉያ መነጽር ስታያቸው ዋለች። አንዴ በቀለም፣ አንዴ በቁመት ትለያቸውና መልሳ ትቀላቅላቸዋለች። አፋቸው ስለተሰበረ አልለይ አሏት። እኔ በር ላይ ተቀምጬ እፈትላለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በአራተኛው ቀን እሷ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ መነጽሯን አነሣሁ። ደጁ ጉም ነበር። ቅርፊቶቹ እንዝርት ላይ የተጠቀለለ ፈትል መሰሉኝ፤ እያየሁ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ገሚሶቹ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛሉ፣ ገሚሶቹ ወደ ግራ። መነጽሩን ቦታው መለስኩ። ዝም ካልኩ ልጄ ሞጣ ትቀርልኛለች፤ በየበዓሉ አውቶቡስ ተሳፍራ ትመጣለች።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዝም አልኩ። ከዚያ ተስፋ ቆርጣ ወደ ብልቃጧ ስትመልሳቸው አንዱ ወደቀ። ተንበርክካ የጭቃውን ወለል በጣቷ ስትዳብስ አየኋት። ሰሊጥ ለምታክል ነገር። አላስቻለኝም።

«የግራዎቹን ለብቻ አድርጊያቸው» አልኳት።

«እማዬ፣ እሱማ እንደ አያያዙ ነው። ስትገለብጪው ይቀየራል።»

ከእንዝርቴ ክር በጥሼ ሰጠኋት። «እስቲ ገልብጪው፣ ጥምዝምዙ ይቀየር እንደሆነ።»

ክሩን ገለበጠችው። ቀጥላ አንዱን ቀንድ አውጣ ገለበጠችው። ጥምዝምዙ ያው ነበር። ከዚያ ነጠላዬ ላይ ሁለት ክምር ማድረግ ጀመረች፤ የምትፈልገው ወገን ወደ ግራ የሚዞረው ነበር።

«ሦስት ክረምት እዚያ ስደርቅ ከርሜ» አለች እየሳቀች፣ «መልሱ በር ላይ ተቀምጦ ይፈትላል።»

አብሬያት ሳቅሁ፤ እንዝርቴን ግን መልሼ አላነሣሁም።

ሥራዋ ተወዶላት ጥር ላይ ወደ ጅቡቲ ስትነሣ፣ ሞጣ ድረስ ሄጄ ሸኘኋት። አውቶቡሱ በር ላይ ይዣት፣ ባሕሩ ውስጥ እግርሽን እንዳትነክሪ አልኳት።

«ሳልነክር እንዴት ልልቀማቸው?» አለችኝ።

ለቀቅኳት።