ስድስት ወንበር ያለው ጠረጴዛ

ወንድሜን ቤተሰቡ ሁሉ «ለጊዜው» ነው የሚለው። ስሙን እኛ አላወጣንለትም፤ በገዛ አፉ ያመጣው ነው። ልጅ እያለ የሰበረውን መስኮት በካርቶን ደፍኖ «ለጊዜው ነው» አለ፤ ካርቶኑ ሰባት ዓመት እዚያው ቆየ። ሲያገባም «ለጊዜው» ብሎ ሚስቱን ይዞ እኔ ቤት ገባና ሁለተኛዋ ልጃቸው ስትወለድ ነው የወጣው። ተማረ፣ የውኃ ፓምፕ መሐንዲስ ሆነ፣ ከረባት አሰረ። እሱ እንደሆነ ያው ነው።

የማወራችሁ ግን ስለሱ አይደለም፤ ስለ ሚስቱ ነው። ሚስቱ ጥርስ ሠሪ ናት። ሐኪም ማለቴ አይደለም። ሐኪሙ የሰው ድድ በጄሶ ቀድቶ ይልክላታል፣ እሷ እዚያ ጄሶ ላይ በሰም ጥርስ ትቀርጻለች፣ ቀለሙን ከሰውየው ዕድሜ ጋር ታስማማለች፣ ትሞርዳለች፣ ትወለውላለች። ሰውየውን በዓይኗ ሳታየው አፉን ታውቀዋለች። ዘጠኝ ዓመት የሠራችው በአንዲት ጠባብ የጓሮ ክፍል ውስጥ፣ ከጋሼ መንጋጋ ጋር ነው። ጋሼ መንጋጋ የሥራው ባለቤት ናቸው፤ ከፊታቸው ላይ ከመንጋጋ ሌላ የሚታይ ነገር ስለሌለ ነው እንዲህ የተባሉት። የእኔም አራቱ የላይ የፊት ጥርሶቼ የሷ ሥራ ናቸው። ሠላሳ ዓመት መናኸሪያ ተቀምጬ የአውቶቡስ ቲኬት ስሸጥ፣ በመስኮት ስጮህ የኖርኩ ሴት ነኝ። ዛሬ አፌን በእጄ ሳልሸፍን የምስቀው በሷ ነው።

ታዲያ መሥሪያ ቤቱ ወንድሜን «ለአንድ ዓመት ውጭ አገር፣ ከነቤተሰብህ» አለው። አቤት ያን ሰሞን የነበረው ኩራት! ደረቱን ነፍቶ በበር መግባት አቃተው። እሷን ግን ጋሼ መንጋጋ ጠርተው እንዲህ ብለዋታል፤ «ዓይኔ ደክሟል። ወንበርሽን አንድ ዓመት እጠብቅልሻለሁ። በዓመቱ ከመጣሽ ክፍሉንም ሥራውንም አስረክቤሽ ቤቴ እገባለሁ። ካልመጣሽ ለሌላ እሰጣለሁ፤ ሐኪሞቹ እኔን አይጠብቁኝም።» ዘጠኝ ዓመት አጎንብሳ ስትሞርድ የኖረችው ለዚህች ቃል ነበር።

እኔ ዘንድ መጣች። «እትዬ፣ እሱ ይሂድ፤ እኔ ከልጆቹ ጋር እዚሁ ልጠብቀው» አለችኝ።

እኔ አፈ ሰፊዋ ምን አልኩ? «ኧረ ወዲያ! ባልሽን ብቻውን ሰደሽ የሰው ጥርስ ስትጠብቂ ልትከርሚ? ዓመት ምን አላት፣ እፍ ሲሏት ታልፋለች!» ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰውን «ግቡ፣ ሂዱ» ስል ስለኖርኩ መሸኘት ይቀናኛል። ሄደች። ሁለቱን ሴቶች ልጆቿን በግራና በቀኝ ይዛ፣ የሰም መቅረጫዎቿን በጨርቅ ጠቅልላ በእጅ ቦርሳዋ ከትታ ሄደች።

አሥራ አንደኛው ወር ሲገባ፣ እኔም ጡረታ ወጥቼ ስለነበር፣ ዕቃ ላግዛቸው፣ ልጆቹንም ልይ ብዬ ተነሣሁ። ልሄድ ስል ወንድሜ ደወለ። «እግረ መንገድሽን ጋሼ መንጋጋ ጋ ጎራ በይልኝ። ትንሽ ልትዘገይ ትችላለች በያቸው። ለጊዜው ነው» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ሻንጣዬ አልዘጋ ብሎኝ ላዩ ላይ ተቀምጬበት ነበር። ሄጄ ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወጣሁ።

ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ሲከፈት ኮሪደሩ በካርቶን ታጭቋል። በጥቁር ቀለም ቁጥር የተጻፈባቸው አሥራ አንድ ካርቶኖች፣ ስምንቱ እንደታሸጉ!

«ምነው፣ ገና መግባታችሁ ነው እንዴ?» አልኳት።

«አሥር ወር አለፈን እትዬ» አለችኝና ሳቀች። ሳቋ ከአንገት በላይ ነበር።

ለካ ጌታው ሕግ አውጥቷል። «የምንኖረው ለጊዜው ስለሆነ ምንም አይገዛ፣ ምንም አይፈታ።» መጋረጃ የለም፤ መስኮቱ ላይ አንሶላ ተሰቅሏል። ጠረጴዛ የለም፤ የሚበላው ቁጥር አምስት ካርቶን ላይ ነው፤ መሐሉ ስለሰረጎደ ሳህኑ ሁሉ እየተንሸራተተ መሐል ይገናኛል። ጎን ለጎን ወለል ላይ ቁጭ ብለን ስንበላ፣ እኔ ጉልበቴ የማይታጠፈው፣ ባለ ከረባቱ መሐንዲስም በሱሪው ወለሉን ሲወለውል፣ ሰው ቢያየን ቤታችን የተቃጠለብን ይመስለው ነበር። የአራት ዓመቷ ልጅ ጫማ ጠቧት ተረከዙን ረግጣ ትሄዳለች፤ «አገር ቤት ስንገባ ይገዛልሻል» ተብላለች። የሰባት ዓመቷ ሥዕል ሥላ ግድግዳ ላይ ልትለጥፍ ስትል «ግድግዳው የሰው ነው» ብሎ ከለከላት። የማንስ ሊሆን ኖሯል?

ትልቋን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ልወስድ ሄድኩ። በኮሪደሩ ላይ የልጆቹ ኮት መስቀያ አለ፤ ከየመስቀያው በላይ የየልጁ ስም በቀለም ተጽፏል። የሷ ላይ ስም የለም። አበባ የተሣለበት ወረቀት ብቻ ነው።

«አክስቴ፣ ይሄ የእንግዳ መስቀያ ነው» አለችኝ። «አባዬ ለመምህሯ ለጊዜው ናት ስላላት ስሜን መጻፍ አላስፈለገም።»

ደሜ ፈላ። ልጅ አሥር ወር ሙሉ እንግዳ ስትሆን ዓይቼ አላውቅም።

ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ «የባለቤቶች ማኅበር» አለ፤ እግዜር ይይለትና! በየሐሙሱ የሠራተኞቹ ሚስቶች ተሰብስበው ብስኩት ይበላሉ። አንድ ቀን ይዛኝ ሄደች። ደረቷ ላይ የለጠፉላት ወረቀት «የፓምፕ መሐንዲሱ ባለቤት» ይላል። ሰብሳቢዋ የሥራ አስኪያጁ ሚስት ነበረች። አንገቷን ሰበር አድርጋ «አገርሽ ሳለሽ ምን ትሠሪ ነበር?» አለቻት።

«ጥርስ።»

«ውይ፣ እንዴት ደስ ይላል! እዚህ ደግሞ አበባ መደርደር ትማሪያለሽ።»

ይሄኔ ከንፈሬን ገልጬ አራቱንም ጥርሶቼን አሳየኋት። «የሷ አበባ ይሄ ነው» አልኳት። ብስኩቱን ዋጠችና ወደ ሌላ ሰው ዞረች።

እሷ ግን እጇ ሥራውን እንዳይረሳ ጠዋት ጠዋት፣ ልጆቹ ሳይነሡ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ በሰም ጥርስ ትቀርጻለች። የመስኮቱ ደፍ ላይ ክራንቻው፣ መንጋጋው፣ የፊቱ በየተራው ተደርድሯል። ትንሿ ልጅ አንዳንዱን እየሰረቀች ለአሻንጉሊቷ ትገጥምላታለች። ቁጥር ሁለት ካርቶን ጎን ላይ ደግሞ የቀረውን ቀን በእርሳስ እየጻፈች ትሰርዛለች። ዓይቼ አንጀቴን በላችኝ። ለጋሼ መንጋጋ ያደረስኩትን መልእክት ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ምን ብዬ ልንገራት? «ትንሽ» ነው ያለው አልኩ ለራሴ።

አሥራ ሁለት ቀን ሲቀራት ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሁለት ጫኞች ጠረጴዛ ተሸክመው ቆመዋል። ጠረጴዛ ስላችሁ! እንጨቱ የሚያበራ፣ ስድስት ወንበር ያለው። ከኋላቸው ወንድሜ ሠርገኛ መስሎ እየሣቀ ቆሟል። ልጆቹ ጮኹ፤ ከወንበር ወንበር ዘለሉ። እኔም ሞኟ፣ ለጉልበቴ ተገላገልኩ ብዬ «እሰይ!» አልኩ።

እሷ አልተነሣችም። ሰም የነካ እጇን በቀስታ በጨርቅ ጠረገችና «ስንት ዓመት ጨመርክ?» አለችው።

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ሚስማር ያልገዛ ሰው ጠረጴዛ ሲገዛ ምን ማለት እንደሆነ ከሷ በቀር ማናችንም አልገባንም ነበር።

«ሁለት ብቻ» አለ። «ላስደስትሽ ብዬ…»

«ጠየቁህ ወይስ ጠየቅሃቸው?»

«ያው ነው።»

«መቼ ፈረምክ?»

«ሁለት ወር አይሞላውም። ስሚኝ፣ እዚህ እኮ እኔ የክፍል ኃላፊ ነኝ። እዚያ ስመለስ ማን ነኝ? ጥርሱን ሌላ ሰው ይሥራው፤ አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ የትም ሥራ አታጪም። ለጊዜው እኮ ነው!»

ዓይኑን በጨው አጥቦ አላት፤ እንዲያው በልጆቹ ፊት! ላሳምንሽ፣ ላስረዳሽ እያለ ከወንበር ወንበር ሲቀያየር፣ እሷ ኮሪደር ሄዳ ካርቶኖቹን ቆጠረች። ስምንቱ እንደታሸጉ ናቸው። የቀሩትን ሦስቱን እሷና እኔ እስከ ምሳ ሰዓት አሰርናቸው። በሕይወቴ እንደዚህ የቀለለ ጓዝ ማሰር አላየሁም፤ ጌታው ራሱ ዓመት ሙሉ አስሮ አስቀምጦልናል። የመመለሻ ቲኬታቸው መሥሪያ ቤቱ ሲልካቸው የተቆረጠ ነው፤ ቀኑን ብቻ አስቀየረች። ማክሰኞ ስንወጣ ወንድሜ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ትንሿ ልጅ አንገቱን አቅፋ ሳመችውና ያቺን ጠባብ ጫማዋን እየጎተተች ወጣች።

በማግሥቱ ዓመቱ ሊሞላ ስምንት ቀን ቀርቶት ጋሼ መንጋጋ ጋ ሄደች። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ልቤ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። በመንገድ ላይ «ደረስኩ እኮ እትዬ!» እያለች እጄን ትጨብጠኛለች።

በመስኮቱ በኩል ባለው በሷ ወንበር ላይ አንድ ጎረምሳ ተቀምጦ ይሞርዳል። የአንዱ ሐኪም የእህት ልጅ ነው። ጋሼ መንጋጋ ካፖርታቸውን ለብሰው ሊወጡ ሲሉ ነው የደረስነው።

«ልጄ» አሏት፣ «አስረከብኩ እኮ። ሳምንት ሆነው። ትዘገያለች የሚል መልእክት ከመጣ፣ ትቀራለች ማለት ነው ብዬ።»

«ማን ነው ትዘገያለች ያለዎት?»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

እሷም ዞረች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ሁሉ ሳምንት ሰርጓዳ ካርቶን ላይ አብሬያት ስበላ፣ ቀኑን ስትሰርዝ እያየሁ፣ አፌ ውስጥ ይዤው ነበር። ወንድሜን ስረግም ከርሜ ለካ በሩን የዘጋሁባት እኔ ነኝ። «እኔ እኮ…» ብዬ ጀመርኩ፤ አልጨረስኩትም። እሷ ፊቷን ወደ ሽማግሌው መለሰችና «ሁለተኛው ወንበርስ?» አለች።

«እሱ ክፍት ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው።

ጨርቋን ፈትታ መቅረጫዎቿን ደረደረችና ተቀመጠች። ዛሬም እዚያው ናት፤ ክራንቻ ገልብጦ ለሚገጥም ጎረምሳ ተቀጥራ፣ እሱ ያበላሸውን ታቃናለች። ትልቋ ልጅ ትምህርት ቤት ኮቷን ስሟ ያለበት መስቀያ ላይ ትሰቅላለች። ወንድሜ በየሳምንቱ ይደውላል፤ በቅርቡ እመጣለሁ ይላል። ስድስቱን ወንበር እንዴት እያዳረሳቸው እንደሆነ እንጃለት።

ባለፈው ወር እሷ ከሠራችልኝ አንደኛው የፊት ጥርሴ ተሰነጠቀ። ሌላ ቦታ መሄድ እችል ነበር፤ እግሬ ወደሷ ወሰደኝ። በመንገድ ላይ የምላትን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ይቅርታውን፣ ልቅሶውን፣ ወንድሜን መራገሙን። ገብቼ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና ልጀምር ስል መብራቱን ወደ እኔ አዞረች።

«አፍዎን ይክፈቱ» አለችኝ። እትዬ አላለችኝም።

ከፈትኩ። ሠርታ እስክትጨርስ አንድ ቃል አልተናገርኩም።