ያቃናሁት በርሜል

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ከጥምቀት በኋላ ከተማው ሰርግ በሰርግ በሆነበት ሰሞን ነው። ሸጎሌ አካባቢ አሮጌ ብረታ ብረት፣ ቆርቆሮና በርሜል እሸጣለሁ። የተሸጠ ዕቃ ፍለጋ የመጣ ሰው ብዙ አጋጥሞኛል፤ እነዚህን ሁለቱን ግን መዶሻ ባነሳሁ ቁጥር አስታውሳቸዋለሁ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ሱቄ መጡ። ሽማግሌው ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ደጅ የደረደርኳቸውን በርሜሎች ኳ ኳ እያደረጉ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። በርሜል ገዢ ማንኳኳቱ ያለ ነው፤ የሳሳ ብረት ድምፁ ያሳብቅበታል። ‘ዕቃ የሚያውቁ ሰው መጡብኝ፣ ዛሬ ክርክር አለ’ ብዬ ተዘጋጀሁ።

“አባቴ፣ ለውሃ ነው ለእህል?”

“ለሙዚቃ” አሉኝ።

ልጅቷ ሳቀች። ሜሮን ትባላለች፤ እሑድ ልታገባ ነው። ሽማግሌው ጋሽ መስፍን የሟች አባቷ ጓደኛ ናቸው። ሁለቱ በወጣትነታቸው የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ፤ ከሌሎች ጋር የሙዚቃ ባንድ አቋቁመው ነበር። ክራር የለ፣ ጊታር የለ። በርሜል፣ ሰንሰለት፣ የመጋዝ ምላጭና በቴፕ የተቀዳ የማሽን ጩኸት፣ በቃ። ከእነሱ በፊት እንዲህ ያለ ነገር የሞከረ አልነበረም። አዳራሽ ሲከራዩ ባለቤቱ ከመሃል መብራት ያጠፋባቸው ነበር።

“ሕዝቡስ ምን ይል ነበር?” አልኳቸው።

“ሕዝቡማ መብራቱ ሳይጠፋ ወጥቷል።”

ዛሬ ግን ወጣቶች የእነሱን የድሮ ካሴት ከስልክ ስልክ ይቀባበላሉ፤ በኮምፒውተር እንደነሱ ለመጮህ የሚሞክሩም አሉ አለችኝ ሜሮን። አባቷ ይህን ሳያዩ አረፉ። ከልጅነቷ ጀምሮ “በሰርግሽ ቀን በበርሜሌ ነው የማስገባሽ” ይሏት ነበር። ጋሽ መስፍን በእሳቸው ቦታ ሊመቱላት ቃል ገብተዋል። በርሜሉ ግን የለም። አክስቷ ቤቱን ለሰርግ ስታጸዳ፣ አሮጌ ዕቃ በአዲስ ፕላስቲክ ለሚለውጥ ልዋጭ ሰጥታ ሳፋ ተቀብላበታለች።

“ወፍራም ነው፣ ዙሪያውን የተሰረጎደ” አለች ሜሮን። “እያንዳንዱ ስርጉድ የራሱ ድምፅ አለው።”

በርሜሉን አውቀዋለሁ። ከልዋጩ ገዝቼ ለሰፈራችን ዕድር ሸጬዋለሁ፤ ድንኳን ሲጣል ውሃ ይጠራቀምበታል። ችግሩ እሱ አይደለም። እኔ ዕቃ እንደመጣልኝ አልሸጥም። ስርጉዱን ሁሉ በመዶሻ አቃንቼ፣ አረንጓዴ ቀለም ቀብቼ ነው ያስረከብኩት። ኮርቼበትም ነበር።

“ያለበትን አውቃለሁ፣ እንሂድ” አልኳቸው። የመዶሻውን ነገር መንገድ ላይ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር፤ መንገዱ አጠረብኝ።

የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ደምሴ መጋዘኑን ከፈቱልን። ሜሮን በርሜሉን በመዳፏ እየዳሰሰች ዞረችው። ልሙጥ ነው።

“ይሄ አይደለም” አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

“እሱ ነው” አልኩ። “እኔ አቃንቼው ነው።”

ጋሽ መስፍን ጠጋ ብለው አንዴ መቱት። ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ። ከዚያ ሳቅ ጀመሩ፤ በርሜሉን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ።

“አባትሽ ቢኖር ይሄን ሰውዬ ይስመው ነበር! ከየትርኢቱ በፊት ጋራዥ ወስዶ የሚያስቃናው እኮ ራሱ ነው። ከዚያ እንደ አዲስ ያጎብጠዋል። ‘ትናንት የጮኸው ዛሬ ምን ያደርግልናል?’ ይል ነበር። አንቺ ያየሽው የመጨረሻውን ቀን ስርጉድ ነው።” ወደ እኔ ዞሩ። “በል መዶሻ አምጣ።”

“የዕድር ንብረት አይደበደብም!” አሉ አቶ ደምሴ።

“አቶ ደምሴ፣ ዕድሩ ዕቃ የሚያውሰው ለምንድን ነው?” አልኳቸው እኔ።

“ለሐዘንና ለሰርግ።”

“ይሄው ሰርግ።”

“ውሃ ሊቀዱበት ነዋ!”

“ካፈሰሰ ሌላ በርሜል ከእኔ።”

አቶ ደምሴ ምስክር ፍለጋ ዙሪያውን አዩ። ነጋዴ እንዲህ ሲናገር ሰምተው አያውቁም።

የመጀመሪያውን ስርጉድ ሜሮን በመዶሻ ሠራች። ቀጥሎ መዶሻው ለእኔ ተሰጠ። ዕቃ ማበላሸት እጄ እምቢ ብሎኝ ቀስ አድርጌ ነካሁት።

“ልትሸጠው ነው እንዴ የምታባብለው?” አሉኝ ጋሽ መስፍን። “ምታው!”

መታሁት።

እሑድ ድንኳኑ ውስጥ ጋሽ መስፍንና የቀሩት የባንዱ ሽማግሌዎች በሱፍ ልብስ ላይ ሰንሰለት ይዘው ተሰለፉ። አጠገቤ የተቀመጠው እንግዳ “ሰርግ ነው ወይስ ጋራዥ?” አለኝ። ሜሮን በበርሜሉ ምት እየተራመደች ገባች። መሃል ላይ ጋሽ መስፍን ያቺን የእሷን ስርጉድ ሲመቱ ቆም ብላ አየቻቸው፤ ሳቀች፣ ቀጥላም አለቀሰች። አቶ ደምሴ ትከሻቸው በምቱ ሲንቀጠቀጥ ያየሁ መሰለኝ። በኋላ ስጠይቃቸው፣ በርሜሉ ማፍሰስ አለማፍሰሱን እየተከታተሉ ነበር አሉኝ።

አላፈሰሰም። እንደተሰረጎደ ዕድሩ መጋዘን ተመልሷል። በነፃ ላቃናው ብል አቶ ደምሴ “እንዳትነካው!” አሉኝ።

እኔም ከዚያ ወዲህ በርሜል ከማቃናቴ በፊት አንኳኩቼ አዳምጣለሁ። አንዳንዱን ዝም ብዬ እንደተሰረጎደ አስቀምጠዋለሁ። ገዢ ስርጉዱን አይቶ ቀንስ ሲለኝ እየመታሁ አሰማዋለሁ፤ እሱ ግራ ሲጋባ እኔ ደስ ይለኛል። ዋጋ ግን አልቀንስም።